ማን አበላው?

ሆዴ ባባ ይላል፣ ሆድ የባሰው ሰው፣
አንጀቴ አረረ ይላል፣ ሐዘን የደረሰው፤
ቆሽቴ ደበነ ይላል፣ የተናደደ ጎረቤት፣
ሐሞቱ ፈሰሰ ይሉታል፣ ሰው የፈራ ለት።
ሐሞቱን የሚያመርት፣ እሱ ግን፣ ጉበት፣
በምሬትም፣ በፍቅርም አይጠራም በዚህ ቤት፤
ስሙ የሚነሳው ሉካንዳ ነው ብቻ፣
ዱለት ሲከተፍ፣ በጾሙ መፍቻ።

ዛሬም መብራት የለም። ኮዬ ፈጬ ጨልሟል።
አራተኛው ፎቅ ላይ ሻማዬ ተጣሟል።
ከፊቴ ተቆልሏል የአሥራ አንደኛ ፈተና፣
ሰባ ሁለት ወረቀት፤ ገና ብዙ፣ ገና።
«የጉበትን ተግባር በአጭሩ ግለጡ»
(አምስት ነጥብ)። ሁሉም አንድ መልስ አመጡ፦
«መርዝ ያጣራል።» «መርዝ ያጣራል።» ልክ እንደ ወንፊት።
ሲፈን ቱፋ ብቻ፣ የምትቀመጠው ከመስኮቱ ፊት፦

«አባዬ ዘበኛ ነው። ማታ ሳይበላ ይወጣል።
ሌሊቱን ቆሞ ያድራል። ጠዋት በእግሩ ይመጣል።
ማን አበላው ብዬ አሰብኩ። ጉበቱ ይመስለኛል።»

አሥራ አራት ዓመት አስተማርኩት፣ በጠመኔ፣ በሥዕል፤
ማን አበላው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ተነሳሁ። በመስኮት ወደ ታች አየሁ፣
ካላለቀው ብሎክ ሥር የባትሪ ብርሃን ለየሁ፤
የብረት ክምር፣ አሸዋ፣ የሲሚንቶ ጆንያ፣
ካፖርት የደረበ አንድ ሰው፣ ብቻውን፣ እዚያ።

ምሳ በልቶ ይሆናል፣ በስምንት ሰዓት፣ ሽሮ ያለ ቅቤ፤
ያኔ ቆሽት ላከ የኢንሱሊን ደብዳቤ፦
«የተረፈውን ስኳር አስገባ፣ ቆልፍ፣
ሌሊቱ ረጅም ነው፣ እንዲሁ አይታለፍ።»
ጉበትም ስኳሩን በስኳር ላይ ቀጥሎ፣
ቅርንጫፍ አብጅቶ፣ ግላይኮጅን ብሎ፣
በጓዳው ከመረው።
ጡንቻም ያጠራቅማል፣ ለሸክሙ፣ ለሩጫው፣
ግን አንድ ኢንዛይም ጎድሎት ተዘግቷል መውጫው፤
ያለውን ለራሱ በልቶ ይጨርሳል፤
ለጎረቤት ማበደር ከየት ይመጣል?
ጉበት ቁልፉ አለው።

አራት ሰዓት። ውሻ ጮኸ። የደሙ ስኳር ቀነሰ።
ቆሽት ሌላ ጻፈ፣ በግሉካጎን፦ «ክፈት፣ ጊዜው ደረሰ።»
አንድ በአንድ ተፈታ ቅርንጫፉ፣ ረገፈ፣
ባትሪ ለያዘ እጁ፣ ለዓይኑ፣ ለአንጎሉ ተረፈ።

ዘጠኝ ሰዓት። ብርድ። ጎተራው ሳስቷል።
አሁን ጉበት እንደ ቆራሌው ሆኗል፤
ደጁ የደረሰውን ውራጅ አይንቅም፦
ጡንቻ የጣለው ላክቴት፣ ከስብ የተረፈ ግሊሴሮል፣
ከፈረሰ ፕሮቲን የመጣ አላኒን፣
ሁሉን ተቀብሎ ስኳር ያወጣበታል።
የሚተርፈውን ናይትሮጅን ዩሪያ አድርጎ ይሸኛል።
(ይቺን እንኳ ሰባ አንዱም አግኝተዋታል።)

ስቡንም ያነዳል። ኬቶን ይሠራል፣ ለአንጎል፣ ለልብ፤
እሱ አይቀምሰውም።
የሠራውን የሚበላበት መሣሪያ አልተሰጠውም።
የሚበላው ልብ ነው።
ግጥሙም የተገጠመው ለልብ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ወረቀቷን መልሼ አነበብኩ።
ግላይኮጅን አልጻፈችም። ግማሽ ነጥብ ቀነስኩ።
ታች ባትሪው ጠፋ። ሰውየው ካፖርቱን አራገፈ፣
ኮሌታውን አቆመ፣ የአሸዋውን ክምር አለፈ፣
ጭቃውን እየመረጠ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ መንገድ፣
ቸኩሎም አልነበር፣ ደክሞትም እንደሁ እንጃ፣ ብቻ ይራመድ
ነበር።
ሻማው አለቀ። ቀይ እስክሪብቶዬን ፈለግኩ፣
ግማሿን መለስኩ።