እናቷን አይተህ

ከሁለት መቶ አንዷን መዘው ያመጡልኛል፤
ለቀሩት እህቶቿ ዋስ ሁኚ ይሉኛል።
ከማተሚያው ወጥታ ገና ያልበረደች፣
እንደ ሌሊት ኩሬ ፊቷን ያረጋች፣
ጥቁር፣ ከባድ ሸክላ፣ መቶ ሰማንያ ግራም፤
ክብደቷን የወደደ ድምጿን አይጠይቅም።

መርፌውን ሳወርድ ትንፋሼን እይዛለሁ፤
እንጀራዬ ይኸው ነው፤ በጆሮዬ አርሳለሁ፣
ከጠርዝ እስከ እምብርት፣ ፈር ለፈር እየሄድኩ፣
ጠጠር እየለቀምኩ፣ አረም እየነቀልኩ።

ያን ማክሰኞ ማታ በረዶ ነበረ፤
የብርኖ ትራም እንኳ ከመንገዱ ቀረ።
የድሮ ክላርኔት ነበር የማዳምጠው፣
ነፊው ከሞተ እንኳ አርባ ዓመት የሆነው።
ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ሦስተኛው ዜማ ላይ፣
ሰውየው ዝም ሲል፣ ትንፋሽ ሊስብ ሲል፣
በዚያች ባዶ ቦታ፣
ቲክ።

አንዴ ነው። እንደ ጥፍር፣ እንደ ክብሪት እንጨት።
መልሼ አስጀመርኩት፤ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ቅጽበት፤
ሌላ ሸክላ አስመጣሁ፣ ሌላም ደገምኩበት፤
ቲክ።
አቧራ ቢሆን ኖሮ በብሩሽ ይለቃል፤
የአንዷ እንከን ቢሆን ከአንዷ ጋር ያልቃል።

ሸክላም ዘር ትቆጥራለች፤ አባት ሳህን አላት፣
ከእሱ የምትወለድ የኒኬል እናት፣
ከእናቷም ማኅተም፣ ከማኅተሙም ራሷ፤
«እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» ያሉት ለካ ስለ እሷ!
እናቲቱ ቆስላለች፤ የቁንጫ ንክሻ የምታህል ጠባሳ፤
ሦስት ሺህ ልጆቿ ወርሰውታል፣ አንዲትም ሳትረሳ።

ኦታካር መጣ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፤
«ይቁም» ያልኩትን አየ፣ ቆመ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሰምቶ።
«ድራሆሚራ፣» አለኝ፣ «ሐሙስ ነው ጉዞው፤
ሳይታተም ተሸጧል፣ ገንዘቡም ገብቷል፤ ማን ይመልሰው?
ደግሞ ሸክላ ነው'ኮ፤ ትንሽ መንጫጫት ልማዱ፤
ሰዎቹም ከዲጂታል የሸሹት ለዚያ ነው፣ ያን ነው የወደዱ።»

ሽፋኑን አሳየኝ፤ ጨርቅ ለበስ፣ ባለ ሐር ክር፣
በወርቅ ቀለም የታተመ፣ ከሦስት ሺህ ስንተኛ እንደሆነች ቁጥር።
የሁለት ቀን ደሞዜን የሚያህል ዋጋ ተለጥፎበታል፤
ልብሷን አራት ሰው፣ ድምጿን አንድ ሰው ይጠብቅበታል።
«ይቁም»ን ሰረዘው። ፋብሪካው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፤
ሐሙስ በጠዋቱ መኪናው በረዶውን እየሰነጠቀ ኮበለለ።

በጸደይ ደብዳቤው ጎረፈ። አንዱ ይሳደባል፣
አንዱ ጠርዟ እንደ ባርኔጣ ተጣሟል ይላል፣
የሌላው እምብርቷ ከመሐል ሸሽቶ፣ ዜማው ሰክሮ ይዋልላል።
ከሁሉ የከበደኝ የናጋትሱካ ነበር፤
ከሳፖሮ የመጣ፣ በእጅ የተጻፈ፣ ትሑት፣ አጭር፦
«ሦስት ጊዜ ቀየራችሁልኝ፤ አመሰግናለሁ።
በሦስቱም እዚያው ቦታ አንድ ነገር እሰማለሁ።
ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጥፋቱ የጆሮዬ ይሆናል፤
ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ» ይላል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
ግን እንዲህ በከንቱ፣ በሰው እጅ ጥፋት ይወነጀላል?

የመጀመሪያዋ ሙከራ እኔ ቤት ነበረች፣
እናቲቱ ሳትቆስል ቀድማ የታተመች፤
ነጭ ክብ ወረቀት፤ ስም የለ፣ ቁጥር የለ፣
ዳሩ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት «ንጹሕ» ብቻ ያለ።
በሁለት ካርቶን መሐል አድርጌ ላክኋት ሳፖሮ፤
አንድ መስመር ብቻ፦ «ደህና ነው፣ ጌታዬ፣ የእርስዎ ጆሮ።»

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይሉ የለ?
የእኔም መደርደሪያ የተጣመመ ነው፣ የተጫረ፣ የተጣለ።
እሑድ ማታ አንዷን አነሳለሁ፤ ክላርኔቱ ይመጣል፤
ሁለተኛው ገጽ፣ ሦስተኛው ዜማ፤ ሰውየው ትንፋሽ ሊስብ ይላል፤
እጄ፣ ሳላዝዘው፣ ከጉልበቴ ይነሳል፤
እርሳስ ይፈልጋል።