ስም ማጥፋት

ከሂርማታ በታች፣ አዌቱን ተሻግሮ፣
አንድ ግቢ አለን፣ ጣራው የዛገ ቆርቆሮ፤
ፊት ለፊቱ ሱቄ፣ ዋንዛ የምጠርብበት፣
በርጩማና አልጋ፣ ቁምሳጥን የምሠራበት።

ቻለው ይባላል ውሻዬ። ስሙን ያወጣሁት
ለጎረቤት ነበር፣ በአጥር ላይ የላክሁት።
ጎረቤቱ ቤት ሸጦ ወደ አጋሮ ሄደ፣
ስሙ ግን ውሻው ላይ ቀረና ተዋሐደ።

ራሊያን ሳገባት፣ ከሊሙ ስትመጣ፣
ከዘንቢሏ መሐል አንድ ጆሮ ወጣ፤
ቀጥሎ አንድ ዓይን፣ ቀጥሎ አንድ ቁጣ።
«ስሟ ማነው?» አልኋት። «ሹሩባ» አለች፣ ሳቀች፤
ድመቷ ግን ዘላ አልጋ ስር ተደበቀች።

ሦስት ቀን አልወጣችም። ቻለው ደጃፉ ላይ
ሆዱን ለመሬት ሰጥቶ፣ በስንጥቁ ሲያይ።
«ዛሬ ይበላታል» አልን፣ «ነገ ይበላታል»፤
እናቴም በስልክ፦ «ውሻና ድመት አብሮ ሲያድር ማን አይቶታል?»

በአራተኛው ሌሊት ሰማዩ ወረደብን፣
ጣራው እንደ ወንፊት አልጋ ላይ ዘነበብን።
ስልኬን አብርቼ ወደ ሱቄ ሮጥሁ፣
ጣውላው እንዳይርስ፤ በሩ ላይ ግን ቆምሁ።
ከሰጋቱራው ላይ ቻለው ተጠቅልሎ፣
ሹሩባን በሆዱ፣ ነፋሱን በጀርባው ችሎ።
እሷ ታንኮራፋለች። እሱ አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝና ከደነ፣
«መብራቱን አጥፋው» ያለኝ ያህል ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሳህኑ አንድ፤ ቀድማ እሷ ትበላለች፣
እሱ ምራቁን ይውጣል፤ ጢሟን ስትልስ «ና» ትላለች።
በአዲሱ በርጩማ ጥፍሯን ስትስልበት፣
መጥረጊያ ባነሣ፣ ቻለው ነው የሚገባበት።
ነጎድጓድ ሲመጣ፣ ያ ሌባ የሚያባርር
ጀግና ከሷ ኋላ ነው ጭራውን የሚቀብር።

ባለፈው ጥቅምት ግን እኔና ራሊያ
ተኳረፍን፦ በዕቁብ፣ በመጋዝ፣ በገበያ።
አራት ቀን አንድ ቃል በቤቱ አልተሰማ።
አባ ጨብሳ መጡ፣ ሳቡና በርጩማ፦
«እንደ ውሻና ድመት ምን ያናክሳችኋል?
ጎረቤቱ ሁሉ ይታዘባችኋል!»

ራሊያ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች፤
ከአራት ቀን በኋላ ዓይኔን ፈለገች።
ከደጅ፣ ከፀሐዩ ስር፣ ስማቸው የተጠራው፣
አንዷ ጆሮ ስትልስ፣ ሌላው ዝንብ ሲያባርር በጭራው።
«አባቴ» አልኋቸው፣ «ይቅርታ ይጠይቁ።
እኛንማ ይቆጡን፤ እነሱን ግን ይወቁ።»

ሲነሡ በርጩማው ተንገዳገደ፤
አንድ እግሩን የትኛው ቆርጥሞት እንደሄደ
ሁለቱም እስከ ዛሬ አልተናገሩም።