የኖራ መስመር

ሰኞ ጠዋት አየነው፣ ከሜዳው በር ምሰሶ በሽቦ ታስሮ፣
ጥቃቅን ፊደሉ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተደርድሮ፤
«የመሬት አጠቃቀም ለውጥ»። ከሥሩ ማኅተም። ከማኅተሙ ሥር ቀጠሮ፦
አስተያየት ያለው ነገ በዘጠኝ ሰዓት ማዘጋጃ ቤት ይምጣ።
በዘጠኝ ሰዓት!
ኤል ታላር ከፋብሪካ፣ ልጁም ከትምህርት ቤት ሳይወጣ።

ባቡር ሳለ የባቡር ሠራተኞች ነበር፤
ባቡሩ ሲቀር ሐዲዱ ተነቅሎ ሄደ፣ ሜዳው ቀረ።
ጎሉ ከውኃ ቧንቧ ተሠራ፣ ቲማቲሙ በአሮጌ ጎማ ውስጥ በቀለ፣
ኤርሚኒያ ዱባዋን ከአጥሩ ጋር አጋባች፤
ከፓራና ወንዝ የሚነሳው ነፋስ ማንንም ሳያስፈቅድ ይገባል፣ ይወጣል።
ማዘጋጃ ቤቱ «የማንም አይደለም» ይላል፤
እኛ «የማንም ነው» እንላለን።
ክርክሩ ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

ካርታው ላይ አረንጓዴ ነበርን፤ ቢጫ ሆነን አደርን።
የቀባው የእህቴ ልጅ ነው፣ ፋኩንዶ፣
በዚሁ ሜዳ የፊት ጥርሱን የሰበረ፣
በዚሁ ሜዳ ብስክሌት የተማረ።
የሰው ቀሚስ እያጠበብኩ፣ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ፣
ቀለም ይግባው ብዬ ነበር ያስተማርኩ፤
ቀለሙስ ገባ፤
የገባው ግን ሜዳዬ ውስጥ ነው።

ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ። ከዚያ ቀይ መብራት፣ ከዚያ ማይኩ ይሞታል።
ኤርሚኒያ ከዱባዋ ተነስታ የባሏ ኩላሊት ላይ ስትደርስ ቀይ በራ።
«ሜዳችንን ወስዳችሁ ሜዳ ላይ ልትጥሉን ነው?» አለች ኔሊዳ፤
ጸሐፊው አልሰማም፣ «ይድገሙት» አላት፣
ስትደግመው ደቂቃዋ አለቀ።

ጠረጴዛው ላይ የሕንፃው አሻንጉሊት፤
ዛፉ ከስፖንጅ፣ ሰዉ ከፕላስቲክ፣ ዓይን የለው፣ አፍ የለው።
ቆጠርኳቸው፦ አሥራ ዘጠኝ።
አንድ ሽማግሌ የለም። አንድ የሚያነክስ የለም።

ኦስቫልዶ ያነክሳል።
ተራው ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ፣
«ወርዱ ስንት ነው? ቁመቱስ?» ብሎ ጠየቀ።
እየሳቁ ነገሩት። መዳፉ ላይ ጻፈ፣ አመሰገነ፣ ተቀመጠ፤
ከሦስቱ ደቂቃ ሁለቱ ተርፎት።

ይህ ሰው አርባ ዓመት፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣
ለልጆቹ ጨዋታ ሜዳውን በኖራ ሲያሰምር የኖረ ነው።
በዚያ ሌሊት የጋሪው ጎማ ሲጮህ ሰምቼ ድመት መስሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ሕንፃው መሬት ላይ ተዘርግቶ ጠበቀን፣ በልኩ፦
እዚህ መኪና ማቆሚያ፣ የኤርሚኒያ ዱባ ከነአበባው መሀሉ፤
እዚህ የዘበኛ ክፍል፣ የበረኛ እግር ሣሩን መልጦ በጨረሰበት፤
እዚህ መዋኛ፣ የሰፈሩን ውሻ፣ ቱርካን፣ ሁላችን አልቅሰን በቀበርንበት።
ጃካራንዳዋ አሳንሰር ውስጥ ገብታ ቆማለች፤
የት ፎቅ እንደምትወርድ የጠየቃት የለም።

እስከዚያ ድረስ «ትንሽ ሕንፃ ነው» ያለ ሁሉ ዝም አለ።
ኔሊዳ ወንበሯን አምጥታ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ማቴዋን ጠጣች።
ልጆች በመኪና ማቆሚያው ሳጥን ሳጥን ላይ
ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ።
ፋኩንዶም መጣ፤ በነጩ መስመር ላይ፣ ገመድ ላይ እንደሚሄድ፣
እግር በእግር እየተከለ ዞረው። ረጅም ጊዜ ፈጀበት።
«አክስቴ፣ ወረቀቱ ላይ እንዲህ አያክልም ነበር።»
መልስ አልሰጠሁትም። አፌ ውስጥ መርፌ ነበር።

ድምፅ መስጠቱ ለሠላሳ ቀን ተራዘመ አሉ።
ማሸነፍ ይሁን መጎተት፣ የሚያውቅ የለም።
ሐሙስ ለት ዝናቡ መጣ፣
መጀመሪያ መዋኛውን አጠበው፣ ቀጥሎ ዘበኛውን፣
ሜዳውም ተመልሶ ጭቃ ብቻ ሆነ፤ ደስ የሚል፣ የሚያዳልጥ ጭቃ።

ኦስቫልዶ ደጄን አንኳኳ፤ ለኖራ መዋጮ ሊሰበስብ።
ፋኩንዶ ከኋላዬ፣ «አንዱ ከረጢት ስንት ነው?» አለ።
ሽማግሌው ዋጋውን ነገረው።
ልጁ ኪሱን ዳሰሰ።
ምን እንዳገኘበት አላየሁም፤
ፊቴን ወደ ስፌቴ መልሼ ነበር።