የላይ ቤት

«ጉልበቴን ነው» አለኝ የሰባት ዓመት ልጅ፣
ሦስት ወር አሸሁለት በቅቤና በእጅ፤
ከሰኞ ገበያ ሽቅብ ስንወጣ
እግሩ ኋላ ቀረ፣ እንባው ቀድሞ መጣ።

የሐኪሟ መዳፍ ጉልበቱን አለፈ፣
ጭኑን አዟዙሮ ዳሌው ላይ አረፈ።
«ዋይ!» አለ ይመሬ፤ ራጁ ታዘዘና
መስኮት ላይ ያዘችው፣ የአጥንቱን ደመና፦
«የጭን አጥንቱ አናት ደም አጥሮበት ሳሳ፤
የላይ ቤት ቢያለቅስ የታች ቤት ተነሣ።»

ላዝለው ጎንበስ ስል ወንበሩን ጨበጥሁ፤
«አንቺስ?» አለችኝና ዝም ብዬ ደነገጥሁ።
ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሃያ ዓመት ቆሜ፣
ስሙ ዕድሜ ነበር የዳሌ ሕመሜ።

አላዘልሁት ያን ቀን፤ ጉም ጦሳን ሲያለብስ፣
ሁለት ደህና እግር ለሁለት ሰው፣
ቤት እስክንደርስ።