ዳሯን ሲነኳት

ሐምሌ ያበሰበሰው ኮርኒስ ሲገነጠል፣
ጆንያ ለብሳ ወረደች ካይጥ ጎጆ መሐል።
ሁለት ክንድ ብትሆን ነው፤ ዝገቷ ተጋግሮ፣
ሸረሪት አፏ ላይ ቤት ሠርቶባት ኖሮ።
«እቺማ የይመር ናት» አለች እናቴ ጦይባ፤
ዓይኗን ጠረግ አረገች፤
አቧራ ነው እንጂ፣ አልነበረም እንባ።

አንበሳ አልጣለችም፤ ዘመቻ አልሄደችም፤
ከሐረጎ ግርጌ ርቃ አታውቅም።
ማሽላ ስትጠብቅ፣ ዝንጀሮ ስታባርር፣
ጃርት ስታስደነግጥ ነበር የምታድር።
ቆቅ የመታች ዕለት ለሳምንት ይወራል፤
የሳተችውንማ ማን ቁጭ ብሎ ይቆጥራል!

ጥይቷ ትንሽ ናት፤ ከባቄላ ብትበልጥ ባንድ ጥፍር ነው።
«የሌላው ጠመንጃ» ይል ነበር አባባ፣ መዳፉ ላይ አድርጎ እያሳየኝ፣
«መሐሉን ሲወጉት ነው የሚቆጣ፤
የዚችን ግን ከንፈሯን ነው። ዳሯን ሲነኳት መሐሏ ይነዳል።»
ስለ ጥይት ይሁን፣ ስለ እናቴ ጠባይ፣
ጠይቄው አላውቅም፤
ይስቅ ነበር ብቻ ወደ ጓዳው ሲያይ።

መጀመሪያ ወረፋ። ፖሊስ ጣቢያ፣ በጠዋት።
«የማን ናት? ቁጥሯ ስንት? ምን ልታደርጊባት?»
«ላክማት» አልኩት።
ቀና ብሎ አየኝና ማህተሙን መታበት።

ብረት አውቃለሁ እኔ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣
የሽመና ማሽን ሆድ ስከፍት፣ ስዘጋለት።
በላምባ ዘፈዘፍኳት። ሁለት ቀን። ሦስተኛ።
በጥርስ ብሩሽ ፋቅኋት፣
ጓዳው ላምባ ሸቶ እናቴም ሳትተኛ።
መምቻዋ ተሰብሯል። ቶርኖ ቤት ወሰድኩት፤
«ዕቃዋ አይገኝም እትዬ፤ ግድግዳ ላይ ስቀሏት።»
አይገኝም?
ጡረታ የወጣሁ ቀን አብሮኝ በኪሴ የወጣ
ሁለት የማሽን መርፌ ነበረኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣
ለምን እንደሆነ ሳላውቀው የመጣ።
ሞረድኩት። ሞከርኩት። ረዘመ።
ሞረድኩት። አጠረ።
እንኳን ሁለት ሰረቅሁ!

ሰደፏ ዋንዛ ነው። ጥቀርሻው ሲፋቅ ለቆ፣
ሰባት ጭረት ታየኝ፣ ከሥሩ ተደብቆ።
«ሰባት ነብር!» ይል ነበር ወንድሜ ሙሄ፣ ነፍሱን ይማረው፤
ስንቱን የሰፈር ልጅ በዚህ ነው የገዛው።

እናቴ ሳቀች፣ ጥርስ በሌለው ድዷ።
«የምን ነብር አመጣሽ! ዕዳ ነው።
መካኒኩ ጣሊያን በወር በወር ሸጦለት፣
በከፈለ ቁጥር አንድ ይጭርባት ነበር።
ሰባተኛው ወር ላይ የብር አምባሬ ጠፋ።
እሱ አልነገረኝም።
እኔም ማወቄን አልነገርኩት።»

ዝም አልን።
የብርጭቆ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩ፤
ሌላውን አለስልሼ ጭረቶቹን ዘለልኩ።
እንጨቱ የተልባ ዘይት ጠጣ፣ እስኪጠግብ ጠጣ፤
ሰባተኛው ጭረት ላይ ግን ዘይቱ ቆየ፣ ቶሎ ሳይገባ።

ቅዳሜ፣ ቦርከና ማዶ፣ ሰው የማያልፍበት ገደል ሥር፣
የወንድሜ ልጅ ናስር የድልህ ጣሳ ሲደረድር፣
በሆዴ ተኛሁ። ጉልበቴ ጮኸ ከሷ በፊት።
የመጀመሪያው አፈር። ሁለተኛው አፈር።
ሦስተኛው የት እንደገባ ናስርም አላየ።
በአራተኛው ጣሳው ቀጭ አለና ተገለበጠ።
ድምፅዋ ትንሽ ናት፤ ሰው ጭራሮ እንደሚሰብር፤
ማዶ የምትግጥ ላም ቀና እንኳ አላለችም።
እኔን ግን ሳቅ አፈነኝ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣
ናስር «አክስቴ አበደች» ብሎ ወደ ሰማይ እስኪያይ።

ማታ እናቴ እጇን ዘረጋች። «ቀለሁን አምጪው።»
ዳሩ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለበት፣ ጥርስ የነከሰው የሚመስል።
በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤
ከስፌቷ መሐል ወስፌዋን መዘዘች፣
ጫፉ ላይ ሰካችው።
ልክ ሆነ።
«ሲወጋኝ ነበር» አለች፣
«ስንት ዘመን ሲወጋኝ።»