ሁለተኛው ዓይን

«አጭር ኮርስ ለአዋቂዎች» ይላል ማስታወቂያው፤
ዕድሜዬን አይቶ ነው እንጂ እኔን አዋቂ የሚለው፣
ሳላውቅ ነው የገባሁ።
ስድስት ቅዳሜ ነው፣ አዳማ፣ ፍራንኮ ሠፈር፣
ከቆርቆሮ መሸጫው በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የፕላስቲክ ወንበር።
የፈረንጅ ሥዕል ታሪክ፣ ከጥንቱ ጀምሮ።

አሥራ አንድ ነን፤
ሁለት ነርሶች፣ ጡረታ የወጡ የጉምሩክ ሰው፣ አቶ ጉልላት፣
እትዬ አሰገደች፣ ሌሎችም አሉበት፤
እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳቢ ስቀባ
ቀለሙ ሳንባዬ ገብቶ፣ ሥዕል ልቤ ሳይገባ።

መምህሯ ሚልኪ ናት፣ ከልጄ የምታንስ፤
ነፋሱ መጋረጃ ገልቦ፣ ብርሃን ገብቶ ሥዕሉን ሲያፈርስ
በልብስ መቆንጠጫ ትይዘዋለች፣
«እሺ፣ የት ነበርን?» ትላለች።

በሁለተኛው ቅዳሜ አንዲት ሴት መጣች፣
ግድግዳው ላይ፣ በጎኗ የዞረች፣
አንገቷ መለል ያለ፣ ዕንቁ ያሰረች፤
ወደ ግራ ታያለች፣ ዝም ብላለች።
አንድ ዓይን ብቻ።

እትዬ አሰገደች እጃቸውን አወጡ፣
«ልጄ፣ ምን አጥፍታ ነው?»
«ማን?»
«እቺ፣ ባንድ ዓይን የሣሏት።
በኛ ቤት ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፣ ፊት ለፊት ያያል፤
ባለ አንድ ዓይን ይሁዳ ነው፣
ወይ ሰማዕት የሚገድለው።»

ሚልኪ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ተወችው።
«እዚያ አገር ክብር ነበር» አለች፣ «በጎን መሣሉ።»
አቶ ጉልላት ከዳር ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣
«ማርትሬዛስ? ያቺም ባንድ ዓይኗ ናት።
እናቴ ባንገቷ አስራት ኖራለች፣
ኃጥእ ናት ያላት የለም፣
ጤፍ ገዝታባታለች።»

ክፍሉ በሳቅ ወደቀ። እትዬ ግን አልረኩም፤
«ታዲያ ሌላኛው ዓይኗስ?»
«አለ» አለች ሚልኪ፣ «ከዚያ ወዲያ።
እኛ ያልቆምንበትን ወገን ያያል።»

መብራት ጠፋ።
ሴትዮዋ ሁለቱንም ይዛ ሄደች፤
ከታች የቆርቆሮ መቁረጫው ብቻ ዝም ሲል ተሰማ።

ማታ ሚኒባስ ያዝሁ፣ ጋቢና ተቀመጥሁ።
ሹፌሩ መፋቂያ ነክሷል፣
ጺሙ አድጓል፣ ግንባሩ ላይ ላብ አለ፣
በጎኑ ነው የማየው፣
እንደ ሳንቲም።
ስንት ሺህ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፣
እሱ ጋ፣ እሱን የመሰለ ጋ፣
ፊት እንዳለው ሳላውቅ።
«ምነው አፈጠጥክብኝ?» አለኝ።
«ምንም» አልኩት።

ያቺኛዋ ዓይኑ፣ እኔ የማላያት፣
ከጅቡቲ የሚመጣውን ትጠብቅልኛለች፣
ምናልባትም እኔው የቀባሁትን ተሳቢ፣
መብራቱን ረጅም አብርቶ።