የዴልማ መጥረጊያ

በሃያ ሁለት ዓመቱ ጎጆ ወጣ ሬክስ ከዴልማ ጋራ፤
በሰባ አንዱ ደግሞ ጎጆዋን ጎትቶ ወጣ በቀይ አቧራ።

ነጭ ናት ጎጆዋ፥ ባለ ሁለት ጎማ፤
አልጋ አላት ታጣፊ፥ መብራት አላት ለጨለማ።
ድንጋይ ሲያነጥራት የኩባያው ጫጫታ ይሰማል፤
ሬክስ "ደረስን" ሲል መንገዱ አንድ ክንድ ይረዝማል።
ዴልማ ጣቷ ካርታው ላይ፥ ዓይኗ ከመነጽር በላይ፥
የምትሻው ከተማ ስሙ አለ በወረቀት፥ ሰው የለው በምድር ላይ፤
ጣቢያ ያለው፥ ባቡር የማይመጣለት፤
ፖስታ ቤት ያለው፥ ደብዳቤ የማይላክለት፤
መቃብር ያለው፥ አልቃሽ ያለቀበት።

የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት፥ ስንዴ በከረጢት፥
ሰዎች መጥተው ነበር፥ "ዝናብ ማረሻ ይከተላል" ተብለው፥ በዱቤ ገዝተው መሬት።
ሁለት ዓመት ተከተለ፤ በሦስተኛው ቀረ፤
ማረሻው ዞሮ ቢያይ፥ የሚከተለው አቧራ ነበረ።
የምድሩ ሰዎች ግን፥ እያንዳንዱን ምንጭ በስም የሚጠሩ፥
ቀድመው አውቀው ነበር፤ ማንም አልጠየቃቸው፤ ከአጥር ውጭ ነበሩ።
ሰፋሪው ጣራውን ነቀለ፥ ቆርቆሮውን ጭኖ ሄደ፤
ግድግዳውን ማን ይሸከም? ድንጋይ ነው። ቀረ እንደተካደ።

ካናውራ ሲደርሱ፥ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ፥
ሬክስ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ፤ ዴልማ ወረደች መጥረጊያዋን ታጥቃ።
በደረቀው ወንዝ ዳር ቆሟል ባሕር ዛፍ፤
እዚህ ባሕር አልተሻገረም፤ ባላገር ነው፤ ቅርፊቱን ልጦ ይጥላል ከደጃፍ።
ልማዷ ነው ይሄ፤ ጣራ የሌለው ቤት ካየች አያስችላትም፤
"የሰው ደጅ ነው" ትላለች፥ "ሰው የለም ተብሎ አይተውም።"
ጠረገች ደፉን፥ ምድጃውን፥ መኝታ ቤት የነበረውን፥
የካንጋሮ በጠጡን፥ የጠርሙስ ስባሪውን።
ከጥግ አንዲት የሕፃን ልብስ አዝራር አገኘች፥ ምስር የምታህል፤
ኪሷ ልትከታት ብላ ተወችው። መስኮቱ ላይ ብትቀመጥ ይሻላል።

ያን ጊዜ አልዊን መጣ፥ በአሮጌ ፒካፕ፥ ውሻው ቀድሞት፤
ሰላምታም የለ፤ "እዚያ ነው የተወለድኩት፥ መጥረጊያሽ የቆመበት።"
ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው። ደፉን አየው፥ ንጹሕ እንደ ጥንቱ፤
"እናቴም ትጠርግ ነበር፥ በቀን ሦስቴ፤ አሸዋው ይገባል በመስኮቱ።
ከሁሉ መጨረሻ የወጣነው እኛ ነን። የዚያን ዕለትም ጠረገች።
ዕቃው ተጭኖ፥ ዶሮዎቹ ታስረው፥ እሷ ጓዳውን ትጠርጋለች!
'ለማን ነው?' ቢላት አባቴ፥ ሞተሩን አስነስቶ፥ ተቆጥቶ፥
'ለሚገባው ተከራይ' አለች። ተከራዩ ያው፥ አሸዋው፥ ተዘርግቶ።"
ሳቀ። ውሻውም የሳቀ መሰለ። ዴልማ መጥረጊያውን አየችው፥
እንደ ሰው ዕቃ፥ ሳታውቅ እንደ ተዋሰችው።

እኔም ቤት ልምታ ብዬ ቃል ከቃል ሳጋጥም፥
ካናውራ ላይ ስደርስ ግድግዳው አለ፥ ጣራው አይገጥም፤
ስለዚህ ይህች ስንኝ ቤት ሳትመታ ትቅር፥
እንደዚያ ቤት፥ ክፍቷን፥ ሰማይ እያየች።

ሌሊቱን ሁለት ቤት ጎን ለጎን አደሩ፤
አንዱ እግር የለው፥ ለአንዱ የለው ሥሩ።
ሬክስ ያንኮራፋል። ነፋሱ በሌላው ቤት ጭስ መውጫ ይገባል፥
በጠርሙስ አፍ እንደሚነፋ ልጅ ያፏጫል።

ጠዋት፥ በነጯ ጎጆ ወለል ላይ፥ ቀይ አሸዋ፥ ስስ፥ እንደ ዱቄት።
ዴልማ መጥረጊያዋን አነሳች። ቆመች። መልሳ አስደገፈችው ከበሩ ኋላ፥ ከኮት።
"አትጠርጊም?" አላት ሬክስ፥ ቁልፉን እያዞረ።
"እስከሚቀጥለው ከተማ ይሳፈር" አለች፤ "ብዙ ዘመን እዚህ ነበረ።"